ሻምፒዮን ሆኖ ያላደገ ክለብ፦ የጀርመን ሬጂዮናልሊጋ አሠራር እንዴት ነው?

ተከላካይ 5፦
ሰላም የኳስ ቤተሰብ። የጀርመኑ አራተኛ እርከን፣ ሬጂዮናልሊጋ፣ ግራ አጋብቶኛል። ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ በ2024/25 (እ.ኤ.አ.) የሰሜን ምሥራቅ ምድብን አንደኛ ሆኖ ቢጨርስም ሶስተኛ ሊግ አልገባም። ሽዋይንፉርት ግን የባቫሪያን ምድብ አሸንፎ ያለ ምንም ተጨማሪ ጨዋታ አደገ። የሶስተኛ ሊግ የመወዳደሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው ወይስ ሌላ? በ2025/26ስ የማደጊያ መለያ ጨዋታ የሚጫወተው ማነው?

የመስመር ዳኛ፦
የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ ሂሳቡ ነው የማይገጥመው። ምድቦቹ 5 ናቸው፦ ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ባቫሪያ። ሶስተኛ ሊግ 20 ክለብ ይዞ 4 ስለሚያወርድ የሚያድጉትም 4 ብቻ ናቸው። ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በየዓመቱ ሻምፒዮናቸውን ቀጥታ ያሳድጋሉ። ሶስተኛውን ቦታ ቀሪዎቹ ሶስት ምድቦች በተራ ይወስዱታል፤ ተራ ያልደረሳቸው ሁለት ሻምፒዮኖች በደርሶ መልስ ተጋጥመው አንዱ ያልፋል።

ተራው በ2023 የሰሜን (ሉቤክ)፣ በ2024 የሰሜን ምሥራቅ (ኮትቡስ)፣ በ2025 የባቫሪያ ነበር። በ2026 ወደ ሰሜን ይመለሳል፤ ስለዚህ መለያው ሰሜን ምሥራቅ ከባቫሪያ ነው።

ኢፍትሐዊነቱን ለማየት ኮትቡስን ብቻ ተመልከት። በ2023 ሻምፒዮን ሆኖ በሜዳው በባቫሪያው ሻምፒዮን ኡንተርሃኺንግ 2 ለ 1፣ ከሜዳው ውጪ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። በዓመቱ በዚያው ምድብ እንደገና አንደኛ ወጣ፤ ተራው የምድቡ ስለነበር ያለ መለያ አደገ።

ማዕዘን ምት፦
የሎኮሞቲቭን ጨዋታ በዝርዝር ላክልበት። ላይፕዚግ ላይ ከሰሜኑ ሻምፒዮን ሃቨልዘ ጋር 1 ለ 1፣ በመልሱ 90 ደቂቃው 0 ለ 0 አለቀ። ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ብልጫ የሚሰጠው ሕግ ቢኖር ሃቨልዘ እዚያው ላይ አልፎ ነበር። ሕጉ ስለተነሳ 30 ደቂቃ ተጨመረ፤ ሃቨልዘ በጭማሪው 3 አገባ። ሎኮሞቲቭን በ2020 የጣለው ግን ያው አሮጌው ሕግ ነው፦ ከፈርል ጋር በሜዳው 2 ለ 2፣ ከሜዳው ውጪ 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ ሳይሸነፍ ቀረ።

ያኔ ምዕራብ ገና ቋሚ የቀጥታ ቦታ አልነበረውም፤ ፈርልም የምዕራብ ሁለተኛ ነበር። አንደኛው ሮዲንግሃውዘን የሶስተኛ ሊግ ፈቃድ ስላልጠየቀ ቦታው ወረደለት። ስለዚህ ፈቃድም ቢሆን ሚና አለው። ከውድድሩ መጨረሻ በፊት ሰንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ ያመለከቱትንም ክለቦች ዝርዝር አንብብ።

የመስመር ዳኛ፦
ትክክል። ድሮ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። እስከ 2018 ድረስ 5ቱ ሻምፒዮኖችና የደቡብ ምዕራብ ሁለተኛ፣ ባጠቃላይ 6 ክለቦች፣ ለ3 ቦታ ይጋጠሙ ነበር፤ ቀጥታ የሚያድግ አልነበረም። የደቡብ ምዕራቡ ማንሃይም በዚህ በር ላይ ሶስት ዓመት ተከታትሎ ወደቀ። በ2016 በሎተ ተሸነፈ። በ2017 ከሜፐን ጋር ሁለቱም ጨዋታ 0 ለ 0 አልቆ በመለያ ምት ተረታ። በ2018 ከኡርዲንገን ጋር በሜዳው ሲጫወት፣ ተጋጣሚው እየመራ ሳለ ከማንሃይም ደጋፊ በኩል ርችት ሜዳ ገብቶ ጨዋታው ተቋረጠ፣ ውጤቱም ለኡርዲንገን ተሰጠ። ሕጉ ሲቀየር በ2019 በምድቡ አንደኛ ሆኖ ቀጥታ አለፈ።

ተከላካይ 5፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ታዲያ ለምን 5 አያወርዱም?

ማዕዘን ምት፦
ከ20 ክለብ 5 ማውረድ ሩቡን ማውረድ ስለሆነ የሶስተኛ ሊግ ክለቦች አይቀበሉትም። የሚቀረው 5ቱን ምድብ ወደ 4 ማጠፍ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ የጉዞ ርቀትና የየክልሉ ማኅበር ጥቅም ይጋጫሉ። የሰሜን ምሥራቅ ክለቦች በ2025 «ሻምፒዮኖች ማደግ አለባቸው» ብለው የተነሱት ለዚህ ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። 34 ጨዋታ አንደኛ የወጣ ቡድን በሁለት ጨዋታ መመዘን የለበትም።

ጉዳቱ በተሸናፊው ብቻ አያቆምም። መለያውን ያጣ ሻምፒዮን እዚያው ምድብ ስለሚቀር፣ ከላይ የሚወርድ ክለብ ከተጨመረ ከታች አንድ ተጨማሪ ቡድን ሊወርድ ይችላል። በጥግ ያለ የመንደር ክለብ የራሱን ዕጣ የሚያውቀው የራሱን ጨዋታዎች ጨርሶ፣ የሌሎችን የመልስ ጨዋታ ጠብቆ ነው። የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው ጁን 30 ያበቃል፤ መለያው ደግሞ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላይ ነው። አሰልጣኙ በየትኛው ሊግ በጀት እንደሚያስፈርም ሳያውቅ የቀረው አራት ሳምንት ብቻ ነው።