የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ «ቆሻሻ» የምትለው ቃል ትውጣ

ጸሐፊዋ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ለጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ተልኮላችኋል። ርእሱ «ቆሻሻ የሲሊከንን ክሪስታል እንዴት ያበላሻል?» ነው። የምንነሣው ልጆቹ በየገጠሩ ጣሪያ ላይ ከሚያዩት፣ ከሲሊከን ክሪስታል (አተሞቹ በሥርዓት ከተደረደሩበት ጠጣር) ከሚሠራው የፀሐይ ፓነል ነው። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

የፊዚክስ መምህሩ፦ እህቴ፣ ሥራሽ መልካም ነው፤ ርእሱ ግን አልተዋጠልኝም። «ቆሻሻ» ሲባል ተማሪው መጥረጊያ ይፈልጋል። ኦክስጅንን እንውሰድ። ሲሊከን በ1,414 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ የተቀመጠበት የኳርትዝ ዕቃ ራሱ እየሟሟ ኦክስጅን ይለቅበታል። አብዛኛው በትነት ይወጣል፤ የቀረው ወደ ክሪስታሉ ይገባል፤ ከ100 ሺህ አተም አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ይህችው ጥቂት ነገር 450 ዲግሪ አካባቢ ስትቆይ ተሰባስባ ያልታዘዘ ኤሌክትሮን ትለግሳለች፣ የክሪስታሉንም የኤሌክትሪክ ባሕርይ ትቀይራለች፤ ከ650 በላይ ሲሞቅ ስብስቡ ይበተናል። ከ1,000 አልፎ ለረጅም ሰዓት ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ በደቃቅ ቅንጣት መልክ ይረጋና ክሪስታሉን የሚጎዱትን ብረትንና መዳብን ይይዛል። ሌባው ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ባዕድ አተም» እንበል።

የኬሚስትሪ መምህርቷ፦ እስማማለሁ። ለማሳያ የገበታ ጨውን አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን ብዙ ዩሪያ ማዳበሪያ በሟሟበት ውኃ እናሳድግ። የመጀመሪያው ኩብ ይሆናል፤ የሁለተኛው ማዕዘን ተቆርጦ ስምንት ገጽ ያወጣል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ያምራል፤ ነገር ግን የቅርጽ ለውጥ እንጂ የውስጥ ጉድለት አይደለም። ይህ በረቂቁ በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ልጆቹን እናሳስታለን።

የቤተ ሙከራ ባለሙያው፦ ልጆቼ፣ ቡና ባለበት አገር ምን አስቸገራችሁ? ቀጠን ያለ ቡና በብርጭቆ ቀድታችሁ፣ ዙሪያውን በፎጣ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡት። በዝግታ ሲረጋ ቀድሞ የረጋው ክፍል ይነጣል፣ ቡናው መጨረሻ ወደሚረጋው ክፍል ይገፋል። ሳይጠቀለል በችኮላ የረጋው ግን ቡናውን እንደያዘ ይቀራል።

የፊዚክስ መምህሩ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ብረትም ከሲሊከን ቅልጥ እንዲሁ ይገፋል፤ ወደ ክሪስታሉ የሚገባው በቅልጡ ካለው መጠን ከ100 ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። የኤሌክትሪክ ባሕርዩን ለማስተካከል ሆን ተብሎ የሚጨመረው ቦሮን ግን ከ10 እጅ 8 እጁ ይገባል። ቦሮንና ኦክስጅን ሲጣመሩ ደግሞ አዲስ የፀሐይ ሴል ብርሃን በነካው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ጉልበቱ ይቀንሳል። ከፓነሉ ጋር የሚያገናኘን ይህ ነው። ፍጥነት ሲነሣ የክሪስታል ተመራማሪው የቮሮንኮቭ የ1982 ሐሳብም ይግባ፦ ከቅልጡ በፍጥነት ተስቦ የወጣ ክሪስታል አተም የጎደለበት ባዶ ቦታ ይበዛበታል፣ በዝግታ የተሳበው ደግሞ በመደዳው መካከል የተሰነቀረ ሰርጎ ገብ የሲሊከን አተም።

የኬሚስትሪ መምህርቷ፦ ለ10ኛ ክፍል ይከብዳል። በአባሪ ይሁን።

ጸሐፊዋ፦ ተቀብያለሁ። ርእሱ «ባዕድ አተም በሲሊከን ክሪስታል፦ መቼ ይጎዳል፣ መቼ ይጠቅማል?» ሆኗል። ቡናው መጀመሪያ፣ ጨውና ዩሪያው ቀጥሎ፣ ቮሮንኮቭ በአባሪ። አሁን የቀረን መብራት ቢጠፋ በረዶውን የት እንደምናቆየው ነው። ጋሼ፣ የእርስዎ በረዶ ቤት ባዶ ነው?

የቤተ ሙከራ ባለሙያው፦ ሥጋ አለበት። ለብርጭቆ የሚሆን ጥግ አይጠፋም፤ ሐሙስ ማታ አምጡት።