የ«ሙዚቀኛው» ቅጂ ሥራ፦ የጋራ ማመልከቻ 2ኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «8 ሠዓሊዎች ሌዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣለውን የፍራንኪኖ ጋፉሪዮን ምስል በሳንቃ ላይ ይቀዳሉ፤ ቀጥሎ በዚያው መጠን አንድ ወጣት መሰንቆ ተጫዋች ይሥላሉ፤ ጊዜ 4 ወር።» የምታነሡት ካለ እስከ ዓርብ።

የሥዕል ታሪክ፦ «ጋፉሪዮ» የሚለው የሙዚቀኛ ስም ይውጣ። ሚላን አምብሮዚያና ቤተ ሥዕል ባለው ምስል ላይ ያለው ወጣት ማን እንደሆነ አልተረጋገጠም። ከሌዮናርዶ ጋር ወደ ሚላን የሄደው ሙዚቀኛ አታላንቴ ሚሊዮሮቲ ነው የሚሉም አሉ። ሙዚቀኛነቱ እንኳ የታወቀው በ1904–05 በተደረገው ጽዳት ነው፤ ላዩ ላይ የተደረበው ጥቁር ቀለም ሲነሣ እጁና የኖታ ወረቀቱ ብቅ አሉ። «የሙዚቀኛ ምስል» ይበቃል።

ሳንቃ፦ ዋናው ሥዕል ያለበት ሳንቃ የዎልነት እንጨት ነው፣ 45 በ32 ሳ.ሜ. ገደማ። ለእኛ ባለ 12 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ ያልደረቀ ዋንዛ ይጣመማል። ለቅጂው ብቻ 8 ሳይሆን 10 ቁረጡ። ሙጫው በሁለቱም ፊት ይቀባ፣ አለዚያ ሳንቃው ይቆለመማል። 70 ግራም የቆዳ ሙጫ በ1 ሊትር ውኃ አሳድሩ፣ ድስቱን ሙቅ ውኃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ አሙቁ፣ አታፍሉ፤ ከፈላ ኃይሉ ያልቃል። ጠመኔ ዱቄት ጨምራችሁ 6 ጊዜ በስሱ ቀቡ። ሙጫ ከበዛ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ በጣት ይነሣል። ግዢ ክፍል አደራ፦ ሠዓሊዎች «ጄሶ» የሚሉት ይህን የሙጫና የጠመኔ ቅብ ነው፣ የግንበኛ ጀሶ አይደለም፤ ያ ገና ሳትቀቡት ድስት ውስጥ ይደርቃል።

ቀለም፦ ጋሼ ሰብሳቢ፣ 4 ወር አይበቃም። መጀመሪያ በተርፔንታይን የቀጠነ ኡምበር (ቡናማ የአፈር ቀለም)፣ ከዚያ ዘይቱ ንብርብር በንብርብር እየጨመረ ይሄዳል። ዘይት የበዛበት ንብርብር ታች ከሆነ ላዩ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ ጀርባ ቶሎ አይደርቅም፣ ኡምበር ቢቀላቀልበት ይፋጠናል። ቫርኒሽ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር መጠበቅ አለበት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሌዮናርዶ ፊቱን ጨርሶ ልብሱን በጅምር ትቶታል። ቅጂውም እንዲሁ ይተወው፤ ልብሱን «ማሳመር» የሚፈልግ በመሰንቆው ሥዕል ላይ ያሳምር።

መሰንቆ፦ በዚህ መጠን ፊቱን በዋናው ልክ ከሣላችሁ ሙሉ መሰንቆ አይገባም። ሳጥኑ ከታች ይቆረጥ፤ አንገቱ፣ መቃኛውና የግራ እጅ ጣቶች ይታዩ። ደጋን ይዞ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያደክማል፤ የሚሣለው ተጫዋች 20 ደቂቃ ተቀምጦ 5 ይረፍ፣ የወንበሩ እግር ያረፈበት ወለል ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግ።

ሰብሳቢ፦ «ጋፉሪዮ» የሚለው ስም ከረቂቁ ተሰርዟል። ጊዜው 4 ወር ለሥራ፣ 6 ለድርቀት፤ ዐውደ ርእዩ ከቫርኒሹ በኋላ። የሙጫና የጠመኔ ዋጋ ያልተሞላበት ሠንጠረዥ ግን አልፈርምም።