ድርጅቱ አቅጣጫ ሊቀይር ነው፤ ሠራተኛው መቼ ይወቅ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን ይሄ ነው። የስታርታፕ፣ ማለትም የአዲስ ጀማሪ ድርጅት፣ ሥራ አልሄድ ሲልና መሥራቹ አቅጣጫ ስለመቀየር፣ ማለትም ወደ ሌላ ሥራ ስለመዞር፣ ሲያስብ፣ ሠራተኛው ከመነሻው ይወቅ ወይስ ካለቀ በኋላ ይነገረው? ለመነሻ የሥራ ባልደረቦች መልእክት የሚለዋወጡበትን የስላክን ታሪክ ላንሳ። ስቱዋርት በተርፊልድና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባቋቋሙት ታይኒ ስፔክ በተባለ ድርጅት ግሊች የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ ሠሩ። የሚወዱት ሰዎች ነበሩ፤ ድርጅቱን የሚያኖር ያህል ግን አልነበሩም። ጨዋታው በ2012 መጨረሻ ተዘጋ፣ አብዛኛው ሠራተኛም ተሰናበተ። የቀሩት ጥቂቶች እርስ በርስ ለመነጋገር የሠሩትን መሣሪያ ወደ ገበያ አወጡት። ሴልስፎርስ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ድርጅት በ2021 ያንን መሣሪያ፣ ስላክን፣ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

መሥራች፦ እኔ ካለቀ በኋላ ይነገር ባይ ነኝ። ወሬው ከወጣ ቀድመው የሚሄዱት ጎበዞቹ ናቸው። ደንበኛም ይሸሻል። በተርፊልድም ለሠራተኞቹ የነገራቸው ከወሰነ በኋላ ነው።

ፕሮግራመር፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ ግን የነገራቸው ገና ገንዘብ እያለ ነው። ለኢንቨስተሮቹ የተረፈውን ልመልስላችሁ ብሏል። ለተጫዋቾች የከፈሉት እንዲመለስላቸው ተደርጓል። የተሰናበቱት ሥራ እንዲያገኙም ድርጅቱ ችሎታቸውን የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ ከፍቶላቸዋል። እኔ የሠራሁበት ቤት ግን ጠዋት ጠዋት «ቤተሰብ ነን» ይባልበት ነበር። ገንዘብ ማለቁን ያወቅነው ደሞዝ ሲቀር ነው። ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው በዚያ ቀን ምን ያድርግ? ለእኔ የድርጅት ባህል የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መፈክር አያሳየኝም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ሁሉም ለውጥ አንድ አይደለም። የታክሲ ጥሪ አገልግሎቱ ራይድ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጀምሮ ነው ወደ ጥሪ ማዕከልና አፕ የሄደው። ሥራው ያው ተሳፋሪና ሾፌር ማገናኘት ነው። እንዲህ ያለውን ከሠራተኛው መደበቅ ምንም ትርጉም የለውም፤ እንዲያውም ቀድሞ የሚያውቀው ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው። የሚያከራክረን ሰው የሚበተንበት ለውጥ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ እሱ ላይ ደግሞ ሕግ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት፣ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። በቅነሳ ሲሆን ሌላ የ60 ቀን አለ። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው 100 ቀን ደረሰለት ማለት ነው፤ የማስጠንቀቂያው ወራት ደሞዝ ሳይቆጠር። ይህን በሠራተኛው ብዛት አባዙት። ባንክ ያለው ገንዘብ ወደዚያ ቁጥር ሳይወርድ መወሰን ግዴታ ነው። «መቼ እንቀይር» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ብዙ መሥራች ግን ኪራይና ሰርቨር ያሰላል እንጂ ይህን ዕዳ አይጽፈውም።

መሥራች፦ ስሌቱን እቀበላለሁ። ግን ቁጥሩን ለሁሉም ላሳይ? ተፎካካሪ ጆሮ ይገባል።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ በቅነሳ ጊዜ ማን ይቅር ማን ይሂድ በሚለው ላይ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር ያው አዋጁ ውስጥ አለ። ጨርሰህ «ደህና ሁኑ» ማለት ምክክር አይባልም።

ፕሮግራመር፦ እኔ የባንክ ደብተር አሳየን አላልኩም። በየሦስት ወሩ «የስንት ወር ደሞዝ አለን» የሚለውን አንድ ቁጥር ንገረን። ጎበዙ ይሄዳል ብለህ ከፈራህ፣ እሱ ሳያውቅ ይቆይልህ ማለትህ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ላይ ይህን መፍረድ ይከብደኛል። ከስድስት ወር በታች ሲሆን ደግሞ ሰብስበን፤ ምናልባት የሚያዋጣውን ሥራ የምናውቀው እኛ ነን። የስላክን መሣሪያ የሠሩት እነማን ነበሩ?

መሥራች፦ የወሩን ቁጥር መንገር እችላለሁ። ስድስት ወር ግን ለእኔ ዘግይቷል፤ ስምንት ይሁን።