መንገዱ ይምጣ፣ ዋርካውስ?

የቦርከና ልጅ፦
ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰፈራችን ኮብል ሊነጠፍ ነው። መዋጮውን ቤት ለቤት ዞሬ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። አምና ክረምት ባለቤቴን ምጥ ሲይዛት ባጃጇ ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረች። እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ነው ያወጣናት። መንገዱን እንደኔ የሚፈልግ የለም።

ችግሩ ዋርካው ነው። መሐል መንገዱ ላይ ቆሟል። እናቴ ቡና ስታፈላ ከአቦሉ ቀንሳ ሥሩ ላይ ታፈሳለች፣ ግንዱን ቅቤ ትቀባለች። ዝናብ ሲጠፋ እስላሙም ክርስቲያኑም ንፍሮ ይዞ እዚያ ይለምናል። የተጣላም የሚታረቀው እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት ቀያሾች መጥተው ግንዱ ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ። ማታ እናቴ «ላምባ አለህ?» አለችኝ። ለምድጃው መስሎኝ ሰጠኋት። ጠዋት ብወጣ ቀለሙ የለም! የሰፈሩ ልጆች እኔን ጠርጥረው አኩርፈዋል። ምን ይሻለኛል?

ጠራቢው፦
ኮብል እኮ አስፋልት አይደለም፣ በእጅ ነው የሚደረደረው። ዛፉን ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ሥሩን ግን አትጠጉት፣ ድንጋዩን ከታች እየገፋ ያነሳባችኋል። ዙሪያውን አፈሩን ክፍት ተዉት። አጥሩ የሚነካበት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አናግሩት። እኔ እስካየሁት ሥራ የሚቆመው በአጥር ነው።

የሐረጎ ሰው፦
ዛፍ ጥላ ነው፣ ይቁም። ቅቤ መቀባቱ ግን ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት። ለእማማ እንዲህ ብለህ እንዳትነግራቸው ብቻ፣ ይቀየሙኛል።

ደሴ በሊመሪክ፦
የደሴ ልጅ ነኝ፣ ያለሁት አየርላንድ ነው። ከሊመሪክ ወደ ጎልዌይ ሲኬድ ላቱን የሚባል ቦታ አለ። በ1999 በፈረንጆቹ አውራ ጎዳና ሊያልፍበት ሲል አንዲት እሾሃማ ዛፍ ፊቱ ተገተረች። ከዋርካ አጠገብ ብትቆም አትታይም። ኤዲ ሌኒሃን የሚባል ተረት አዋቂ ግን «የማንስተር ፌሪዎች የኮናክቶቹን ሊወጉ ሲሄዱ የሚገናኙባት ናት፣ ብትቆርጧት በመንገዱ ሰው ያልቃል» ብሎ በጋዜጣ ጮኸ። ማንስተርና ኮናክት የአየርላንድ ክፍለ ሀገሮች ናቸው፤ ፌሪ ማለት ደግሞ የኛ ሰው ጂኒ እንደሚለው በሉት። የሳቀ ሳቀ፣ መሐንዲሶቹ ግን አጥረው አስቀሯት። በ2002 አንዱ ሌሊት መጥቶ ቅርንጫፎቿን ሙልጭ አድርጎ ቆረጣቸው። እሷ ግን መልሳ አቆጠቆጠች።

ሰውዬው ቀድሞ ባይጮህ ዛሬ ወሬዋም አይነሳም ነበር። አንተም ማመልከቻህን ይዘህ ሂድ፤ ላምባ ብቻውን አያድነውም።

የቦርከና ልጅ፦
ዛሬ ከልጆቹ ጋር በገመድ ለካን። ዋርካውን ለመዞር አንድ ሜትር ተኩል አጥር መግባት አለበት። አጥሩ የማን ይሆን? የኛው! ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ጌሾዬስ?» አለች። ቅዳሜ ነቅዬ ወደ ጓሮ አዞርላታለሁ። ጌሾ በዚህ ወቅት ቢነቀል ይጸድቃል? የሚያውቅ ይንገረኝ።