የአባቴን የጆሮ መስሚያ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ማስተካከል ይቻላል ወይ?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነኝ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፣ አሁን አሁን ግን ብሶበት ቡና ላይ ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ድሮ እኮ ጨዋታውን የሚያደምቀው እሱ ነበር፣ እንደዛ ሆኖ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ጀርመን ያለችው አክስቴ የባሏ እናት ይጠቀሙበት የነበረ ጥንድ መስሚያ ላከችልን፣ ፎናክ ነው፣ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት፣ 13 ቁጥር ባትሪ የሚበላ። ግን ጆሮው ላይ ሳደርግለት ሲጥጥ ብሎ ይጮሃል፣ እሱም ድምፁ ይሰማኛል ቃሉ ግን አልገባኝም ነው የሚለኝ። ምርመራ አሰርተን ኦዲዮግራሙ፣ ማለትም ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ምን ያህል ሲጎላ እንደሚሰማው የሚያሳየው ወረቀት፣ እጃችን ላይ አለ፣ ሁለቱም ጆሮ ተቀራራቢ ነው፣ 500 ኸርዝ ላይ 30 ዴሲቤል፣ 1000 ላይ 45፣ 2000 ላይ 55፣ 4000 ላይ 70። ለእያንዳንዱ ማስተካከያ አዲስ አበባ ድረስ ማመላለስ ለሱ ዕድሜ ከባድ ነው፣ እኔ ደሞ ኮምፒውተር ላይ ደህና ነኝ። ራሴ ፕሮግራም ላደርገው እችላለሁ? ምን ምን ያስፈልገኛል?

ወልድያ ነኝ፦
አብሽር ወንድሜ ይቻላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መስሚያ ነው የማደርገው፣ የራሴንም ራሴ ነኝ የማስተካክለው።

መጀመሪያ ግን ያ ሲጥታ የፕሮግራም ችግር ላይሆን ይችላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሞልድ በሴትዮዋ ጆሮ ልክ የተሰራ ነው፣ አባባ ጆሮ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ በክፍተቱ ድምፅ ይወጣና ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ የሚጮኸው ለዛ ነው። ስለዚህ ወይ በሳቸው ልክ አዲስ ሞልድ ማሰራት፣ ወይ ሞዴሉ የሚቀበል ከሆነ መንጠቆውን ፈትቶ ቀጭን ቱቦና የጎማ ዶም (ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ለስላሳ ቆብ) መግጠም ነው። አሮጌውን ሞልድ አጥበህ እንዳታደርግላቸው።

ቃሉ አልገባኝም ያሉት ደሞ ከቁጥሮችህ ጋር ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ 500 ላይ ያን ያህል አልተጎዱም፣ ቀጭኑ 4000 ላይ ግን 70 ነው፣ አ እና ኦ ይሰማቸዋል፣ ስ እና ፍ የሚባሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው የሚጠፉባቸው፣ ንግግርን የሚለያዩት ደሞ እነሱ ናቸው። መሳሪያው አሁን የሚያጎላው ለሴትዮዋ ጆሮ በተሞላው ልክ ስለሆነ ለሳቸው ላይስማማ ይችላል።

ዕቃው፦ ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ፣ የኩባንያው ሶፍትዌር፣ የፎናክ ታርጌት ይባላል፣ የኦቲኮን ጂኒ 2 ነው፣ የሲግኒያ ኮኔክስ። ኩባንያዎቹ ሶፍትዌሩን የሚሰጡት ለባለሙያ ስለሆነ ደሴም ይሁን ሌላ ቦታ የምታውቀው ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ባለሙያ) ካለ በሱ በኩል ብትሄድ ይሻላል። ማገናኛው እንደ ሞዴሉ ነው፣ አዲስ ከሆነ ኖህሊንክ ዋየርለስ፣ የቆየ ከሆነ ሃይ-ፕሮ የሚባል ሳጥንና ለዛ ሞዴል የሚሆን ኬብል። ሞዴሉን ሳታረጋግጥ ምንም እንዳትገዛ፣ ውድ ናቸው።

እንዳገናኘህ ምንም ሳትነካ ውስጡ ያለውን አንብበህ ሴቭ አርግ። ከዛ ኦዲዮግራሙን አስገባ፣ ዕድሜያቸውን፣ ለመስሚያ አዲስ መሆናቸውን፣ የገጠምከውን የዶም ዓይነት፣ ሁሉንም በትክክል ሙላ፣ ሶፍትዌሩ የሚያሰላው በዚህ ነው። ማጉያውን የሚያሰላበትን ቀመር ኤንኤኤል-ኤንኤል2 በለው፣ ለአዋቂ በብዛት የሚሰራበት እሱ ነው። የፊድባክ ቴስቱን (የሲጥታውን መለኪያ) መሳሪያው ጆሯቸው ላይ እያለ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አሰራው። መብራት እንደሚሄድ አስበህ ላፕቶፑን ቻርጅ አርገህ፣ መስሚያው ላይም አዲስ ባትሪ አርገህ ጀምር፣ እየጻፈ መሃል ላይ መቋረጡ ጥሩ አይደለም።

ሲስተር ከሐይቅ፦
ወንድሜ አባትህን እንዲህ ማሰብህ ደስ ይላል፣ አላህ ያቆይልህ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት ያለውን ልንገርህ። ኦዲዮግራሙ ላይ በአየር የተለካና በአጥንት የተለካ መስመር አለ፣ ሁለቱ ተራርቀው ከሆነ ችግሩ ኩክ ወይ የታምቡር መቀደድ ወይ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ ያ መጀመሪያ መታከም አለበት። ጆሯቸው የሚመግል ከሆነ፣ መስማታቸው ድንገት በቀናት ውስጥ ከወደቀ፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው በጣም ከተለየ ወይም የሚያዞራቸው ከሆነ መስሚያውን አስቀምጠህ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ውሰዳቸው። በተለይ ድንገተኛው ቀጠሮ አይጠብቅም።

ሌላው የድምፅ ጣሪያ ነው፣ ሶፍትዌሩ ላይ ኤምፒኦ ይሉታል፣ መሳሪያው የሚያወጣው ከፍተኛው ድምፅ ማለት ነው። እሱን በግምት ከፍ አታርግ፣ የቀረውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ከሞላህ በኋላ ከጎናቸው አጨብጭብ፣ በር ዝጋ፣ ፊታቸውን እይ። ከተሸማቀቁ ዝቅ አርገው፣ አባቶች ቢያማቸውም ምንም አይል ይሉሃል።

የጦሳ ሥር ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ዶሙን ቀይረን ሲጥታው ጠፍቷል፣ አንድ ባለሙያ ረድቶኝ ሞላሁለት፣ ወላሂ በረንዳ ላይ ሆኜ በስሙ ስጠራው ዞር አለ። ሁለት ነገር ግን ቀረ፣ የራሴ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆነብኝ ይላል፣ ስኒ ሲጋጭ ደሞ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ቡና ሲቀርብ ሊያወልቀው ይፈልጋል። ሙሉውን ቮልዩም ልቀንሰው?

ወልድያ ነኝ፦
ማሻአላህ! ቮልዩሙን አትቀንስ፣ ያኔ ንግግሩም አብሮ ይሄድብሃል። ስኒው ቀጭንና ኃይለኛ ድምፅ ነው። ሶፍትዌሩ ማጉያውን ለ50፣ ለ65 እና ለ80 ዴሲቤል ድምፅ ለየብቻ ያሳይሃል፣ አንተ የ80ውን ብቻ ከ2000 ኸርዝ በላይ ትንሽ አውርደው፣ የ50ውን እንዳትነካ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው የሚሰማቸው በሱ ነው።

የበርሜሉ ነገር ጆሯቸው ስለታፈነ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ላይ ብዙ ስላልተጎዱ የራሳቸው ድምፅ ውስጥ ይጠራቀምባቸዋል። ቀዳዳ ያለው ዶም ሞክር፣ ግን በጣም ክፍት ከሆነ 4000 ላይ በሚያስፈልጋቸው ማጉያ ሲጥታው ሊመለስ ይችላል፣ እየመጠንክ ሂድ። ዶም በቀየርክ ቁጥር ሶፍትዌሩ ላይም ቀይረህ ፊድባክ ቴስቱን ድገም። ካልሆነ ከ500 በታች ያለውን ማጉያ ትንሽ ቀንስ።

በእያንዳንዱ ለውጥ ከኋላቸው ቆመህ አፍህን ሳያዩ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ በል፣ የሰሙትን ይድገሙልህ። ስ ከጠፋ የቀጭኑን ድምፅ ማጉያ ከልክ በላይ አውርደኸዋል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይርና ጥቂት ቀን ስጣቸው፣ አእምሮ ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ለጊዜው ቡናው ከመቆላቱ ጀምሮ አርገውት ይቀመጡ፣ ስኒው ሲደረደር ካስጨነቃቸው ረከቦቱ ትንሽ ራቅ ይበልላቸው። እና ቀድሞ ሴቭ ያረግከውን ፋይል እንዳታጠፋው።