ለገንዲ በሽታ አዲስ መድኃኒት ለምን አልመጣም?

ባለመርፌው፦
የእንስሳት ሐኪም ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ገንዲ (በዋናነት የጸጸ ዝንብ በንክሻዋ ወደ ከብት የምታስተላልፈው፣ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ) ለያዘው በሬ የምወጋው መድኃኒት መምህሬ ይወጉት የነበረውን ነው፤ ዲሚናዚን ወይም አይሶሜታሚዲየም። ዲሚናዚን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ሌላውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ጥገኛው ተሕዋስ ሁለቱንም እየተላመደ ነው፤ ዐይኔ እያየ የሚሞት ከብት አለ። የዚህን ኢንዱስትሪ ታሪክ የምታውቁ፣ ገንዲ ለምን ተረሳ?

የምዝገባ ባለሙያ፦
ዶክተር፣ የሚያሳዝነው ሒሳቡ ነው። አርቢ ከበሬው ዋጋ በላይ ለመድኃኒት አይከፍልም። ስለዚህ ኩባንያዎች የሚያሳድዱት ለብዙ እንስሳት፣ በብዙ አገር የሚሸጥ ነገር ነው። አይቨርሜክቲንን ይመልከቱ። ሳቶሺ ኦሙራ ከጃፓን አፈር ያወጡት ባክቴሪያ ለአሜሪካው የመድኃኒት ኩባንያ መርክ ተላከ፤ የዊሊያም ካምቤል ቡድን መረመረው፤ ከእሱ የተገኘው መድኃኒት በ1981 ለእንስሳት ተሸጠ። ለከብት፣ ለበግ፣ ለፈረስ፣ ለአሳማ፤ የሆድ ትሉንም የቆዳ ተባዩንም ይገድላል! ለዓመታት በዓለም የእንስሳት መድኃኒት ሽያጭ የሚስተካከለው አልነበረም። መርክ በ1987 ያንኑ መድኃኒት በጥቁር ዝንብ ንክሻ ለሚመጣው የሰዎች ዓይነ ስውርነት በነፃ ለመስጠት የወሰነው ከዚህ ገበያ በኋላ ነው። የገንዲ ዋና ገበያ ግን የጸጸ ዝንብ ያለበት የአፍሪካ ቆላ ነው፤ ገዢውም ጥቂት ከብት ያለው ገበሬ።

ኪሩብ፦
ውሻና ድመትንም አትርሱ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ፊፕሮኒል ያሉ የቁንጫ መድኃኒቶች ሌላ በር ከፈቱ፤ ውሻውን የሚወድ ሰው የውሻውን ዋጋ አያሰላም። ፋይዘር የእንስሳት ክፍሉን ዞኤቲስ ብሎ በ2013 ለአክሲዮን ገበያ ሲያቀርብ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ።

ባለመርፌው፦
ሒሳቡ ገባኝ፤ አልተቀበልኩትም እንጂ። ከብት ይፈጅ የነበረውን የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ያጠፋው ገበያ አይደለም። ዋልተር ፕሎውራይት ክትባቱን የሠሩት ኬንያ፣ ሙጉጋ፣ በመንግሥት የምርምር ተቋም ነው። በሽታው በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ለገንዲስ እንዲህ ያለ ክትባት ለምን አይሞከርም?

የምዝገባ ባለሙያ፦
ተሞክሯል፣ ዶክተር። የገንዲ ተሕዋስ የላይ ሽፋኑን ደጋግሞ ይቀያይራል፤ የከብቱ አካል አንዱን ለይቶ ሲዘምትበት ሌላ ለብሶ ይጠብቀዋል። እስካሁን መንገዱ ያለው በመድኃኒት በኩል ነው።

ባለመርፌው፦
እንግዲያው የሕዝብ ገንዘብ ወደ መድኃኒቱ ምርምር ይምጣ። ነገ ጠዋት የሚጠብቁኝ አራት በሬዎች አሉ፤ ያንኑ የ1955ቱን ዱቄት በውኃ በጥብጬ እወጋለሁ።