ጥቆማ፦ ንጹሕ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚልክ ሱቅ (ደሴ/ኮምቦልቻ)

ሙጋድ፦ ሰላም ለቤቱ። አኳሪየሜ 120 ሊትር፣ የጨው ውሃ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ትሮከሶች (አልጌ የሚግጡ የባሕር ቀንድ አውጣዎች) ቅርፊታቸው ላይ ነጫጭ ጥምዝ ነጠብጣብ አለ፤ አንዱ ላይ ደግሞ ሩዝ የምታክል ነጭ ነገር ተለጥፋለች። ንጹሕ የሚልክ ሱቅ ጠቁሙኝ።

ጦሳ፦ አብሽር። ጥምዟ ስፓይሮርቢድ ናት፤ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን የቱቦ ትል፣ ውሃ አጣርታ ነው የምትበላው፣ ተዋት። ቱቦዋ ረዝሞ ልፋጭ ክር የምትዘረጋ ከሆነ ቨርሜቲድ (ቱቦ ሠሪ ቀንድ አውጣ) ናት፤ ያቺን ስበራት። የሩዟ ግን ታሳስባለች። የአኳሪየሙ መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት ቆይተህ በቀይ ባትሪ እያት። የቅርፊቱ አፍ ጠርዝ ላይ ወይም ክዳኑ ስር ተሰብስበው ካገኘሃቸው ፒራሚደሊድ የሚባሉ ጥገኛ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፣ የትሮከሱን የሰውነት ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ብቻዋን መስታወት ላይ አልጌ የምትግጥ ከሆነ አትጎዳም።

ፒያሳ ደሴ፦ ቦሌ ካለው ልጅ እዘዝ። በቃ።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ካዘዝኩበት ሱቅ የመጣ ሁሉ አይፕታዚያ (ተናዳፊ የባሕር አኔሞን) ተሸክሞ ነው! ስደውል ስልክ አያነሱም። ማንም እንዳይገዛ!

ጦሳ፦ አይፕታዚያን በቢላ እንዳትፍቂው፤ የቀረችው ቁራጭ መልሳ ታድጋለች። ቀንድ አውጣውን አውጪና ቅርፊቱን በሶፍት አድርቂ፤ ከዚያ አይፕታዚያዋን በሱፐር ግሉ ጄል ሙሉ በሙሉ ሸፍኛት። ጄሉ የእግሩን ሥጋ እንዳይነካ።

ሰኞ ገበያ፦ ገንዘቤስ?

ቦርከና፦ ለምን ሐይቅ ወርዳችሁ አትለቅሙም? በነጻ።

ፒያሳ ደሴ፦ አዎ፣ ቢልሃርዝያውንም በነጻ ይመርቁልሃል።

ቧንቧ ውሃ፦ ቀልዱ ይቅርና፣ የሐይቁ ቀንድ አውጣ እንደ ባሕር በሊትር 35 ግራም ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ይሞታል። ጨው ስንል ደግሞ ከባቲ ገበያ የአፋር ጨው ገዝታችሁ እንዳትበጠብጡ። የባሕር ውሃ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ 1,300 ገደማ ማግኒዥየም አለው፤ የምግብ ጨው ይህን አይሰጥም፣ ቅርፊቱም ይሳሳል።

ሙጋድ፦ ፒራሚደሊድ ናቸው፣ አራት አየሁ። ምን ላድርግ?

ጦሳ፦ ከአኳሪየሙ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቅዳ። ትሮከሱን እዚያ ይዘህ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ የቅርፊቱን አፍ ዙሪያ ጥረግ፤ ቅርፊቱ ላይ እንደ ጄሊ የተለጠፈው እንቁላላቸው ስለሆነ እሱንም። የሳህኑን ውሃ ድፋው እንጂ ወደ አኳሪየሙ አትመልስ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገመው፤ እንቁላል ካመለጠህ እንደገና ይፈለፈላሉ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ግን አደራ፣ ቀድሞ የሚገድለው ትሮከሱን ነው።

ኮምቦልቻ፦ ቀንድ አውጣዎቹን ለይተህ የምታቆይበት ዕቃ ላይ የአየር ድንጋይ (አየር በአረፋ የሚያስገባ) አድርግ። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ስታዝም በአውቶቡስ ከሆነ ጣርማ በር ላይ ብርዱ ከባድ ነው፣ ፎም ሳጥን ጠይቅ። አውሮፕላኑ ውድ ነው ግን ይሻላል። ሲደርስ የአኳሪየሙን ውሃ በጠብታ ቢያንስ አንድ ሰዓት እየጨመርክ አለማምዳቸው።

ፒያሳ ደሴ፦ ቦሌ ያለው ልጅ በፎም ነው የሚልከው።

ሰኞ ገበያ፦ ማስረጃህ ምንድን ነው?

ፒያሳ ደሴ፦ ሸጋ ልጅ ነው።

ሙጋድ፦ ተባረኩ። አንዱ ጀርባ ላይ ቆብ የመሰለች፣ የማትነቃነቅ አለች፤ እሷስ?

ቧንቧ ውሃ፦ ጀርባዋ ላይ ተደራራቢ ስምንት ሰሌዳ ካላት ካይተን ናት፣ ጥሩ አልጌ ጠራጊ። ሰሌዳ ከሌላት ሊምፔት ወይ ስሊፐር የሚባሉ ቆብ መሳይ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ተዋት። አናቷ ላይ ቀዳዳ ካላት ብቻ ኮራል ልትነካ ስለምትችል ተከታተላት። ይልቅ ከማን ልታዝ ወሰንክ?

ፒያሳ ደሴ፦ ሙጋድ? አለህ?